ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም

እናቴ ልትወልድ ጥቂት ቀን ሲቀራት አያቴ ከተበላ ከተማ፣ አክስቴ ከዲምቱ መጡና ስም ፍለጋ ተጀመረ። አያቴ የወንድ ስም፣ አክስቴ የሴት ስም ካልሆነ ብለው ሲከራከሩ አባቴ፣ «ለሁለቱም የሚሆን እንፈልግ፤ ወንድም ቢመጣ ሴትም ብትመጣ ጠብ አይኖርም» አላቸው። ግማሽ ቀን ከፈለጉ በኋላ አባቴ «ፀጋ!» ብሎ ጮኸ። አያቴ አጨበጨቡ፤ አክስቴ እልል አለች። እኔ የሻዩን ትሪ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ፀጋ እኮ የእኔ ስም ነው! ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝ አጎቴ ነው ያወጣልኝ፤ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ሚጡ ነው የሚሉኝ።

በሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል። አያቴ ሊጸልዩ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን አሜን ከተባለ ስሜ የሕፃኑ መሆኑ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አባዬ፣ እሱ ስም ተይዟል» አልኩ።

«ማን ያዘው?»

«እኔ።»

የስምንተኛ ክፍል ካርዴን አምጥቼ ሰጠሁት። አያቴ «በሰው ስም ላይማ አልጸልይም» ብለው እጃቸውን አወረዱ። አባቴ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበና ፊቱ በርቶ ወደ አክስቴ ዞረ።

«አላልኩሽም? ለሴትም ይሆናል!»