ደሴቷን ዞሮ የተመለሰ ጥላ

ወደ አንኮበር በምንሄድበት ሚኒባስ አንዲት እናት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ታቅፈዋል። እኔ በአንድ ጎናቸው ተቀምጫለሁ፤ በሌላው ጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ ይጠይቃቸዋል።

«እማማ፣ ጥላው የየት ነው?»

«ለዝዋይ ደሴቷ ማርያም የተሳልኩት ነው።»

«ሊሄዱ ነው?»

«ሄጄ መመለሴ ነው እንጂ! ልጄ ለመስቀል ‹በጀልባ ደሴት ላሳይሽ› ብሎ ወሰደኝ።»

«ታዲያ?»

«ጀልባው መች ቆመና! በሩቁ ዞረን ተመለስን። መዝናናት ነው አሉኝ። ደሴት ድረስ ሄዶ ሳይሳለሙ መመለስ ምን የሚሉት መዝናናት ነው?»

«ለልጅዎ አይነግሩትም ነበር?»

«የተሳልኩት እኮ እሱን ከአልጋ እንድታነሣልኝ ነው። ጀልባው ላይ ቆሞ ሲስቅ ሳየው ዝም አልኩ። አሁን ይሄ ስለት ገብቷል ይባላል ወይስ አልገባም?»

እግሬን ሰብስቤ ለጥላው ቦታ ለቀቅሁለት።