ከወረቀቱ ሥር ያልነበረው ፀጉር

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ታካሚዎቻቸው «ዶክተር ቀስ በቀስ» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ እኅታችን፣ ከከባድ መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ወገባቸውን ደግፈው ከመኪና ሲወርዱ እያዩ፣ እናታችንም ከስፌት ቀና ባሉ ቁጥር «ወይ ጀርባዬ» ሲሉ እየሰሙ ያደጉ በመሆናቸው፣ ጥሪያቸውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ያለ መድኃኒትና ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በእጅ ብቻ የአከርካሪን መገጣጠሚያ የሚያስተካክለውን የካይሮፕራክቲክ ሙያ ሊማሩ ኮሌጅ በገቡ ጊዜ፣ ጎረቤቱ «ወጌሻ ለመሆንም ኮሌጅ አለው እንዴ?» ብሎ ሲስቅ፣ አባታችን ግን «የተማረች ወጌሻ ትውጣልኝ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ እኔ ነኝ» ብለው መረቋቸው።

በኮሌጁ ከሁሉ የሚፈራው ፈተና፣ ዐይንን ጨፍኖ ከመጽሐፍ ገጾች ሥር የተደረገችን አንዲት የራስ ፀጉር በጣት ጫፍ ዳስሶ ማግኘት ነበር። እኅታችን ገጹን ደባብሰው «እዚህ ጋ ናት» ብለው በልበ ሙሉነት ሲያመለክቱ፣ ሽማግሌው መምህር ወረቀቱን ገልጠው ባዶውን አሳዩአቸው፤ ፀጉር የሚባል ነገር አልተቀመጠም ነበርና። ጓደኞቻቸው ሲያልፉ እሳቸው ዓመቱን ደገሙ። መምህሩ «ጣትሽስ ደኅና ነው፤ አፍሽ ነው የቀደመው» ማለታቸውንም እየሳቁ ለሰው ሁሉ ያወሩት ነበር፤ የኮሌጃቸው ነገር በተነሣ ቁጥርም ከዲግሪያቸው ይልቅ ያን የወደቁበትን ዓመት ያስቀድሙ ነበር።

ከተመረቁ በኋላ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ፤ በማከሚያ አልጋው የፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ትይዩም፣ በደረቱ የተኛ ሰው የሚያየው እንዳያጣ፣ ወለሉ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ለጥፈው ነበር። ለቸኮለ ሁሉ ጀርባውን በጣታቸው እየዳሰሱ «ቀስ፤ ገና እየሰማሁ ነው» ይሉ ስለ ነበር ቅጽል ስሙ ወጣላቸው። ጣታቸው ያልደረሰበትን ሕመም ግን «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ወደ ሆስፒታል ይልኩ ነበር፤ በዚህም የተቀየማቸው አልጠፋም።

አንገታቸው ተጣሞ መጥተው፣ ከዳኑም በኋላ ሰበብ እየፈለጉ መመላለስ ያላቆሙትን የሂሳብ መምህር አግብተው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ከጊዜ በኋላ የስኳር በሽታ የጣቶቻቸውን ስሜት ያደነዝዝ ጀመር። ማንም አላወቀባቸውም፤ ስማቸው ገንኗል፣ ወረፋውም እስከ ደረጃው ወርዷል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ባለቤታቸውን ከመጽሐፍ ገጾች ሥር ፀጉር እንዲያኖሩላቸው ጠይቀው፣ ዳስሰው ዳስሰው «አልሰማሁም» አሉ፤ የገጾቹ ብዛት ተቀንሶም ያው ሆነ። ከእጃቸው በቀር መሣሪያ ያልነበራቸው እኅታችን፣ በዚያው ዕለት እያለቀሱ ክሊኒኩን ዘጉ።

በሽታው ጠንቶ ኩላሊታቸውን ጎድቶ ሆስፒታል ከተኙ በኋላ፣ በመጨረሻዋ ዕለት ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ይሰማቸው እንደ ሆነ ጠየቋቸው። በዙሪያው የነበርን ሁሉ «አዎ» እንዲሉ እየተመኘን ሳለ፣ እሳቸው ግን ያልሰሙትን ሰማሁ ማለት ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና፣ «አይሰማኝም፤ ግን አትልቀቀኝ» አሉ። ባለቤታቸውም ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቋቸውም።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኛን ታናናሾቻቸውንና ዛሬ እዚህ ቀጥ ብለው የቆሙ ብዙ ታካሚዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። የእጃቸውን ድካም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በቀኙ ይያዝልን፤ እሱም አይልቀቃቸው።