ጥግ ላይ የቆመው አባት

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ የባቡር ጡረተኛው የለገሰ ሳሎን፦ ባጃጅ ነጂ ልጁ ሮቤል ከተገደለ ወዲህ ፊልም ከፍቶ አያውቅም፤ የልጅነት ጓደኛው ልብስ ሰፊው አንዋር ግን ዛሬ ፍላሽ ይዞ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሟል።

ለገሰ፦ አትሰካው አልኩህ እኮ!

አንዋር፦ አቦ ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ስማ። ያ የድሮው ነው፤ ጥቁርና ነጩ። መርማሪው ተኝቶ እንኳ ባርኔጣውን የማያወልቀው። ስንት ዓመት ስንፈልገው ኖረን፣ አሁን ከኢንተርኔት አስወርጄ መጣሁ።

ለገሰ፦ አውቀዋለሁ። ገዳዩ ሐኪሙ ነው።

አንዋር፦ እሱን ጮክ ብለህ ተናግረህ አይደል ያኔ ሲኒማ ቤት ሊደበድቡን የነበረው! ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ "ሐኪሙ ነው!"

ለገሰ፦ ያስታውቃላ። ሬሳውን ሲያይ አልደነገጠም። ሰው ሳይደነግጥ ጓንት ያጠልቃል?

አንዋር፦ እኔ እስከ መጨረሻው ሚስትየዋ ናት ስል ነበር።

ለገሰ፦ ላንተ መቼም ሚስትየዋ ናት። ባንክ ቢዘረፍም ሚስትየዋ ናት።

አንዋር፦ ሳቅክ!

ለገሰ፦ አልሳቅኩም።

አንዋር፦ ወላሂ ጥርስህን አይቻለሁ። በቃ ልሰካው፣ መብራቱም ሳይጠፋ።

ለገሰ፦ ተው፣ አንዋር። የወንጀል ፊልም ማየት አልችልም።

አንዋር፦ ደሙ ነው? ይሄ እኮ ደም የለውም፤ ቢኖረውም ጥቁር ነው።

ለገሰ፦ ደሙ አይደለም። መጨረሻው ነው።

አንዋር፦ መጨረሻውማ ጥሩ ነው። ይያዛል።

ለገሰ፦ እሱ ነዋ! መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ይሰበስባቸዋል፣ ሲጋራውን ይለኩሳል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ ሰውዬው ካቴና ይጠለቅለታል፣ አለቀ። የሟቹ አባት ትዝ ይልሃል?

አንዋር፦ የቱ አባት?

ለገሰ፦ አየህ፣ አንተም አላየኸውም። መጋረጃው ጋ፣ ጥግ ላይ ይቆማል። አንድ ቃል አይናገርም። ያኔ እኔም ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ሮቤል ከሞተ በኋላ ግን ፊቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያ ሰውዬ እኮ በመጨረሻ ያውቃል። ማን እንደገደለበት ያውቃል። ለምን እንደገደለበት ያውቃል። እቀናበታለሁ፣ አንዋር። በፊልም ሰው እቀናለሁ።

አንዋር፦ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ነበር?

ለገሰ፦ ሐሙስ ሄድኩ። "እየተጣራ ነው፣ አባባ" አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው መርማሪው። ሲያየኝ ተነስቶ ወንበር ይሰጠኛል። ወንበር ከሰጠኝ፣ ወሬ እንደሌለው አውቃለሁ።

አንዋር፦ አላህ ያወጣዋል።

ለገሰ፦ ባጃጁን አልወሰዱበትም። ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነበር። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጥለውት ሄዱ። ታዲያ ምን ፈልገው ነው? የመጨረሻው ተሳፋሪ ማን ነበር? አሁን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የማየው ከኋላ የተቀመጠውን ነው። ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ እጁን አያለሁ። ቅድም ስትገባ ያንተንም አየሁት።

አንዋር፦ የኔን?

ለገሰ፦ ይቅር በለኝ።

አንዋር፦ እየው። ና፣ በደንብ እየው፤ አትፈር። መርፌ የበሳሳው እጅ ነው። የሮቤልን የምረቃ ሱፍ የሰፋሁበት።

ለገሰ፦ ሱፉ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሏል። እናቱ ዘነቡ አቧራውን እንኳ አታስነካም።

አንዋር፦ እሺ፣ ወንጀሉ ይቅር። አስፈሪ እንይ።

ለገሰ፦ አንተ? ኮትህን ተከናንበህ አይደል እንዴ አስፈሪ ስታይ የኖርከው?

አንዋር፦ ዛሬም እከናነባለሁ፣ ምን ቸገረህ። እዚሁ ፍላሽ ላይ አንድ... ተወው፣ እሱ አይሆንም።

ለገሰ፦ የቱ ነው?

አንዋር፦ ተወው አልኩህ።

ለገሰ፦ ያ የሞተው ልጅ ደረጃ ለደረጃ የሚሄድበት?

አንዋር፦ ምነው አፌን በቆረጠው!

ለገሰ፦ ኮቴው ይሰማል። ወንበሩ ይንቀሳቀሳል። አባትና እናቱ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ፣ እኛ ወንበር ላይ ቆመን "ሩጡ! ሩጡ!" ለምንድነው ሩጡ ያልናቸው? ልጃቸው እኮ ነው! ቤቱን ዘግተውበት ሄዱ። እሱ በመስኮት እያያቸው።

አንዋር፦ ለገሰ፣ ፊልም ነው።

ለገሰ፦ እኔ የሮቤል ክፍል በር ላይ ጆሮዬን ደቅኜ እቀመጣለሁ። ኮሽታ የለም። ልጅ ሆኜ ሙት እንዳይመጣብኝ ብርድ ልብስ ስከናነብ ያደግኩ ሰው፣ አሁን "ና" እያልኩት እምቢ አለኝ።

አንዋር፦ እውነቱን ልንገርህ። ፊልሙን ብዬ አልመጣሁም። ሚስትህ ናት የላከችኝ።

ለገሰ፦ ስለ አዳማው ነው?

አንዋር፦ እህቷ ጋ፣ ለትንሽ ጊዜ እንኳ ብትሄዱ...

ለገሰ፦ አልሄድም። ነግሬያታለሁ። ልጇን ጥላ መሄድ ከቻለች እሷ ትሂድ። የፊልሙ ወላጆችም ሄደዋል!

አንዋር፦ ቀስ በል፣ ጓዳ ናት፤ ትሰማሃለች።

ለገሰ፦ ትስማ! እዚህ ቤት የሚጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንዋር፦ አይደለህም። ዘነቡ ትሰማዋለች።

ለገሰ፦ ማንን?

አንዋር፦ ሮቤልን። ማምሻውን ባጃጁን ግቢ ሲያቆም። ጫማውን ደጃፍ ላይ ሲያራግፍ። ሲጠራት። በእጇ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች፤ ግቢው ባዶ ነው። በየቀኑ ትወጣለች፣ ለገሰ። በየቀኑ ባዶ ነው። ልጇን ሸሽታ አይደለም። መውጣቱ ነው ያደከማት።

ለገሰ፦ ታዲያ ለኔ ምነው አልነገረችኝ?

አንዋር፦ አንተ በሩ ላይ ተቀምጠህ ስትጠብቅ፣ ላንተ እንደማይመጣ እያየች፣ እንዴት ብላ ትንገርህ?

ለገሰ፦ ዘነቡ! ዘነቡዬ፣ ነይ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ሲጠራሽ ምን ብሎ እንደሚጠራሽ ንገሪኝ፤ ከዚያ አዳማ እንሄዳለን።