በካሎዋ ስም የተሰጠው ስምንተኛ ድምፅ

የሃርገት ከተማ ፖሊስ መምሪያ፣ የወንጀል ምርመራ ክፍል፣ ቴነሲ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ዴልፊን ራውልስ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ በሰባት ወንዞች ኮንፈረንስ ዋና መሥሪያ ቤት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ
አድራሻ፦ ሃርገት ከተማ፣ ፔካን መንገድ፣ የቤት ቁጥር 418
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ ኤፕሪል 17 ቀን 2026፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ማርሎን ቴትስ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ ምስክር፣ ኤፕሪል 9 ቀን በስልክ በተደረገው ስብሰባ ላይ የካሎዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ ድምፅ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ስለዚሁ ጉዳይ ባለፈው ማክሰኞ ለሳጅን ቴትስ በቃል የነገርኳቸው ነገር ነበር። ዛሬ ሳልጠራ የመጣሁት ያንን ለማስተካከል ነው። ጠበቃ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ አልፈልግም ብያለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። ኮንፈረንሱ በአሜሪካ ፉትቦል የሚወዳደሩ አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው። ከአሥሩ አንዱ ለአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ ሲደርስ የሚገኘው ገንዘብ እስካሁን ለአሥሩም እኩል ይካፈል ነበር። ጥሎ ማለፉ ብዙ ቡድን እንዲያሳትፍ ተደርጎ ሲሻሻል ገንዘቡ በረከተ፤ ገንዘቡ ሲበረክት ደግሞ እኩል መካፈሉ ያንገበገባቸው ተነሡ። ለስብሰባው የቀረበው ሐሳብ ግማሹ ጥሎ ማለፍ ለገባው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ይሰጥ፣ አሥሩ የሚካፈሉት የቀረውን ግማሽ ይሁን የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጣው ማርቤሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። በየዓመቱ ማለት ይቻላል ጥሎ ማለፍ የሚገባውም ማርቤሪ ነው።

ካሎዋ ስቴት ገብቶ አያውቅም። እኔ ካሎዋ ተወልጄ ካሎዋ ያደግሁ ስለሆንኩ ይህን የምናገረው ደስ ብሎኝ አይደለም። የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ የሩጫ ቡድኑና የሰልፍ ሙዚቃ ጓዱ የሚኖሩት ከዚያ እኩል ድርሻ በሚገኘው ነው። ድርሻው ከቀነሰ ከሦስቱ ሁለቱ እንደሚዘጉ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ደንቡን ለማሻሻል ከአሥሩ ፕሬዚዳንቶች የስምንቱ ድምፅ ያስፈልጋል።

ስብሰባው ሐሙስ ኤፕሪል 9 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ፕሬዚዳንቶቹ ፊት ለፊት የሚያስተያይ ስብሰባ አይወዱም። አንዱ ከመኪና፣ አንዱ ከጎልፍ ሜዳ ይደውላል፤ እኔም በድምፃቸው ነው የምለያቸው። መስመሩን የከፈትኩት አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ሲሆን መጀመሪያ የገባው የካሎዋ ነኝ ያለው ሰው ነው። ሌሎቹ እስኪገቡ ድረስ ከእኔ ጋር የተነጋገረውን በቦታው እናገራለሁ። ድምፁ የጎረነነ ነበር፤ ጉንፋን ይዞኛል አለ።

በውይይቱ መሐል ይኸው ሰው “ኮረብታው ላይ ያሉት ለዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል፣ እኛም ብንደግፍ የምንጎዳ አይመስለኝም” ብሎ ተናገረ። ይህን ስሰማ እርሳሴ ቆመ። በካሎዋ የማርቤሪ ስም አይጠራም፤ ወንዝ ማዶ ያሉት ነው የሚባለው። እናቴ ዛሬም የአየር ትንበያ አንባቢው ስሙን ሲጠራ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትዘጋለች። የውጭ ሰው ማርቤሪ ይላል። ማርቤሪን ኮረብታው የሚለው ግን እዚያ የተማረ ወይም የእነሱን እንጀራ የሚበላ ብቻ ነው። ቢሆንም ሥራዬ መጻፍ ስለሆነ ጻፍኩ። ስም እየተጠራ ድምፅ ሲሰጥ ያ ሰው “ካሎዋ ስቴት፣ እደግፋለሁ” አለ። ስምንት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ፣ ሐሳቡ ጸደቀ። በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ወጣ፤ የድምፅ ቅጂውንም ደንባችን እንደሚያዘው አጠፋሁ።

ቅዳሜ ወሬው በጋዜጣ ወጣ። የካሎዋ ሰው የፕሬዚዳንቱን የዶክተር ሌላንድ ፕሩዊትን ደጅ ቁጣውን ሊገልጽ በአሮጌ የስፖርት ጫማ ሞላው። እሑድ በቤተ ክርስቲያን እሳቸው በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ አብሮ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሰኞ ከሰዓት በፊት ዶክተር ፕሩዊት መግለጫ ሰጡ። ሐሙስ ዕለት ስልክ በማይሠራበት ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ እንደዋሉ፣ በስማቸው ድምፅ የሰጠው አስመሳይ እንደሆነ፣ የካሎዋ ሰው በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን ኮረብታው የሚል ቃል በአፉ እንደማያወጣ ተናገሩ። ለፖሊስም አመለከቱ። አስመሳይ ከሆነ ድምፁ ይሰረዛል፣ እኩል ድርሻውም ይቀጥላል። ካሎዋ በዚያ ቀን የመኪና ጥሩምባ እያንጫረረ ጨፈረ። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር።

የኮንፈረንሱ ኃላፊ የሆኑት የኮሚሽነሩ ምክትል ኮርድል ኦግልስቢ ይባላል። የማርቤሪ ምሩቅ ነው። ዓርብ ዓርብ የእነሱን አረንጓዴ ከረባት ያስራል፤ የእኔንም ቃለ ጉባኤ በአረንጓዴ እስክሪብቶ እያረመ ይመልስልኛል። “ተስማሙ” ብዬ ከጻፍኩ “በሙሉ ልብ ተስማሙ” ይላል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። በቀን ሃያ ጊዜ ኮረብታው፣ ኮረብታው ይላል። ያን ሐሙስ ከሥራ ቀርቶ ማርቤሪ ከተማ ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ነበር ብሏል። በስብሰባው ላይ ካሎዋ ነኝ ያለው ስልክ የተደወለው ከማርቤሪ ከተማ ሆቴል እንደሆነ ከፖሊስ ስንሰማ እኔ ሌላ ሰው ማሰብ አላስፈለገኝም።

ማክሰኞ ኤፕሪል 14 ቀን በምሳ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ አራት ሠራተኞች እየሰሙ ሌባው ኦግልስቢ ነው አልኩ። እሱ በዚህ መሐል ምሳውን ይዞ ገባ።

“ሚስ ዴልፊን፣ ስሜ ሲነሣ የሰማሁ መሰለኝ።”

“ስምህ አይደለም፣ አፍህ ነው የተነሣው።”

“አፌ ደግሞ ምን አደረገ?”

“እሱን አንተ ንገረን። ኮረብታው ላይ ያለው ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ብቻ ነው ወይስ ድምፅ የሚያሰጥም አለ?”

ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ጉንጩን በጣቱ አሳየኝ፣ አብጦ ነበር። እብጠቱን አይቼ አላመንኩም፤ ጥርስ ማስነቀልና ስልክ መደወል በአንድ ቀን ይቻላል ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ለሳጅን ቴትስ ድምፁ የእሱ ነው ብዬ እርግጠኛ መስዬ ተናገርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮሚሽነሩ ቁልፉን ተቀብለው ከሥራ አገዱት። ካርቶን ታቅፎ ሲወጣ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሳጅን ቴትስ በምልክት በሚጻፍ አጭር ጽሕፈት የያዝኩትን ደብተር እንዳመጣ ጠየቁኝ። ከመስጠቴ በፊት ልየው ብዬ ገለጥኩት። እጄ መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሰላምታና ጨዋታውን የምጥለው ወደ ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከአራት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ ካሎዋ ነኝ ያለው ሰው “ሚስ አርዜላ ለጉልበቷ ቀን ተቆረጠላት?” ብሎ ጠይቆኛል። ለ21 ተቆርጦላታል ብዬ መልሻለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ረስቼው ነበር። ሚስ አርዜላ እናቴ ነች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሕመሟን ለሰው መናገር ነውር ይመስላታል፤ እኔም በመሥሪያ ቤት ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ እንኳን ጉልበቷ በቀዶ ሕክምና እንደሚቀየር የሰማው ከስብሰባው በኋላ፣ እሑድ ዕለት ነው።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስወጣ ካሎዋ ድረስ ነድቼ እናቴ ቤት ሄድኩ። በሯን ቆልፋ ቴሌቪዥን ታይ ነበር።

“እማዬ፣ የጉልበትሽን ነገር ለማን ለማን ነገርሽ?”

“ለማንም። ምነው፣ ሬዲዮ ነኝ?”

“እስቲ አስቢ።”

“ለአንቺ። ለሐኪሙም፣ እሱ ስላየው ነው።”

“ሌላስ?”

“ለፕሬዚዳንቱ ነዋ። በስቅለት ዓርብ ለዓሣው ምሳ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሳነክስ አየኝና ሳህኔን ያዘልኝ። ለሰው እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።”

ደብተሩን አሳየኋት። አጭር ጽሕፈት ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ አነበብኩላት። ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

“ይህን ወረቀት ማን አየው?”

“እስካሁን ማንም።”

“እንግዲያው እኔም አላየሁትም። ቅደጂው።”

“እማዬ፣ ሰውዬው ሊታሰር ነው።”

“ኦግልስቢ ነው አሁን የሚያሳዝንሽ? በየሳምንቱ እዚህ መጥተሽ ስትረግሚው የምትውዪው ሰውዬ?”

“አላሳዘነኝም። ግን እሱ አይደለም።”

“እሱ ባይሆንም የእነሱ ነው” አለችኝ። እራት እንኳን ሳታቀርብልኝ በሩን ከፈተችልኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ደብተሩን አልቀደድኩትም እንጂ ለመቅደድ አስቤ ነበር። ገጹ አንድ ነው፤ ማንም አያውቅም። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሐሙስ ኤፕሪል 16 ቀን ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ዶክተር ፕሩዊት ቤቴ ደወሉልኝ። ቤቴ ደውለው አያውቁም። ጥርጣሬ ስለገባኝ እርሳስ አንስቼ መጻፍ ጀመርኩ።

“ሚስ ዴልፊን፣ ደብተሩን ለፖሊስ ሰጡት?”

“ገና ነኝ።”

“እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው፤ ሰላምታውንም ሁሉ ይጽፉታል እንዴ?”

“የምን ሰላምታ?”

ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ የዋለ ሰው በመስመሩ ላይ ሰላምታ መኖሩን ከየት ያውቃል? እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ እናቴም አትናገርም። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

“ድምፁን አላወቅሁትም ቢሉ ማንም አይጎዳም። ካሎዋ ድርሻዋን ታገኛለች፣ እርስዎም የአገርዎ ልጅ ነዎት።”

“ሚስተር ኦግልስቢስ?”

“ለሳቸው አይጨነቁ፤ ኮረብታው ላይ ሥራ አያጡም።”

“ዶክተር፣ አሁን ምን አሉ?”

ስልኩ ተዘጋ። የጻፍኩትን ወረቀት ሰዓቱን ምልክት አድርጌበት ከደብተሩ ጋር ዛሬ አስረክቤአለሁ።

ዶክተር ፕሩዊት ይህን ለምን እንዳደረገ ተጠይቄ፣ ማርቤሪ ከጥር ጀምሮ አዲስ ፕሬዚዳንት እየፈለገ እንደሆነ በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም እንደሚያውቅ ገልጫለሁ። እሱ ለዚያ ሥራ ታጭቶ ይሁን አይሁን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ሆቴሉ ውስጥ ሐሙስ ዕለት ማን እንዳደረ ፖሊስ ይጠይቅ። እኔ የምመሰክረው የሰማሁትን ነው። በስብሰባው ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው ራሱ ሌላንድ ፕሩዊት ነው።

ድምፁ የእሱ ከሆነ ውሳኔው እንደሚጸና፣ ካሎዋም እኩል ድርሻዋን እንደምታጣ ሳጅን ቴትስ አስታውሰውኛል። ማስታወስ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ ከረቡዕ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የሴቶቹ ቡድን ልምምድ በሚያደርግበት አዳራሽ ውስጥ ለቡድኑ ስጫወት የተነሣሁት የልጅነት ፎቶዬ ተሰቅሏል። ይህን ቃል ስሰጥ ተቃጥዬ ነው። እናቴ ስልኬን አታነሣም። ሐኪም ቤት የሚወስዳት ወንድሜ እንደሆነ በእሱ በኩል ላከችብኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ ልፈርም ስል የቀረ ነገር እንዳለ ተናገርኩ። ሳጅን ቴትስ ለምርመራው አይጠቅምም አሉኝ፤ ካልተጻፈ አልፈርምም በማለቴ እንደሚከተለው ተጽፏል። ማክሰኞ ዕለት በአራት ሰዎች ፊትና በፖሊስ ፊት ሚስተር ኮርድል ኦግልስቢ ሌባ ናቸው ያልኩት ድምፃቸውን ለይቼ አይደለም። አልለየሁትም። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ስለማልወዳቸው ነው ያልኩት። ዛሬ ከዚህ ስወጣ መሥሪያ ቤት ሄጄ እነዚያው አራት ሰዎች ባሉበት ይህንኑ እናገራለሁ፤ ከዚያ ቤታቸው ሄጄ ለሳቸው እናገራለሁ። አሁንም አልወዳቸውም።

ከላይ የሰፈረው ቃል ማንም ሳያስገድደኝና ምንም ሳይሰጠኝ የተናገርኩት፣ ተነቦልኝም የእኔ መሆኑን ያረጋገጥኩት ነው። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዴልፊን ራውልስ
የመርማሪው ፊርማ፦ ሳጅን ማርሎን ቴትስ
የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 5፡40