ሸህ ይማምና የልጃቸው የታሪክ ፈተና

ጥናት ማለት መጽሐፍ መዋጥ የሚመስለው ሰው በአገራችን ሞልቷል። እኔ ሒሳብ ሳስተምር ከዚህ ሐሳብ ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ። መምህር ያለው ጠበኛ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ግንቦት ላይ መካነ ሰላም፣ የደሴ መኪና ከሚቆምበት ዋርካ ሥር የሰማሁትን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ወደ ደሴ ልሄድ ብወጣ መኪና የለም። ወታደሩ ተነስቷል፣ ሚኒስትሮች ተሽረዋል የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣል። መኪኖቹ የእርዳታ እህል ለማመላለስ ተወስደዋል ይባላል፤ እህሉን አየሁ የሚል ሰው ግን አላገኘሁም። ረሃብ ነድቶት ከከላላ በኩል በእግሩ የመጣ ሕዝብ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጧል። ልጆቹ አያለቅሱም፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ዋርካው ሥር ሸህ ይማምን ከልጃቸው ከዘሊካ ጋር አገኘኋቸው። ሸህ ይማም ቁርኣን ሲያስቀሩ፣ ማለት ሲያስተምሩ፣ የኖሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ዘሊካን እኔው ራሴ አስተምሬአታለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸህ ይማም።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አቶ ያለው። እንኳን መጡልኝ። ይህች ልጅ ከነገ ወዲያ ደሴ ላይ ለመምህራን ማሠልጠኛው ትፈተናለች። መኪናው የለም፤ እሷም መጽሐፉን ዘግታ ተቀምጣለች። እስቲ ይምከሩልኝ።»

«መጽሐፉን ዘጋሁ እንጂ ጥናቱን መች ተውኩ» አለች ዘሊካ አንገቷን ደፍታ። «አባዬ ከመጀመሪያው ጀምረሽ በቃልሽ ዝለቂው ይሉኛል። አምና እንደዚያ አድርጌ አየሁት።»

የአምናውን አውቃለሁ። ሸህ ይማም የታሪኩን መጽሐፍ እንደ ቁርኣን በቃሏ አስይዘዋት ነበር። ማታ ማታ ሲያስደግሟት እሳቸውም በጆሯቸው ሐፍዘውት፣ በቃላቸው ይዘውት፣ አንድ ቃል ብትስት ያርሟት ነበር። ፈተናው የመጣው የአፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ለምን ፈረሰ ብሎ ነው። ልጅቷ ከመሀል መነሳት አልቻለችም፤ ቃሉ የሚመጣላት ከመጀመሪያው ሲጀመር ብቻ ነው። ከአክሱም ተነስታ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ደወል ሲደወል ገና ከላስታ ነገሥታት ላይ ነበረች። ወደቀች።

«ዘንድሮስ እንዴት አጠናሽ?» አልኳት።

«መጽሐፉን አንድ ጊዜ አንብቤ የዘመናቱን ቅደም ተከተል ያዝኩ። ከዚያ መቅደላን ለብቻዋ አውጥቼ ገባሁባት። ማን ከማን ተጣላ፣ ለምን፣ ጦሩ ምን ይበላ ነበር፣ ይህን ማን ተናገረ፣ ተናጋሪውስ ይታመናል ወይ እያልኩ። ስለ መንግሥትም ቢጠይቁኝ፣ ስለ ገበሬም፣ ስለ ባዕድ ጦርም፣ ከእሷ ማስረጃ እመዛለሁ።»

«ሰሟት» አሉ ሸሁ። «ሁሉን ትታ አንዷን! ያልያዘችው ቢመጣስ?»

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ፣ ሸህ?»

«ተረቱን ተዉት፣ አቶ ያለው። እኔ ፈርቻለሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቤት ያለው ገብስ ሰኔን አይሻገርም። ይህች ካለፈች እዚያ በልታ ታድራለች፣ ነገ ደግሞ ወንድሞቿን ታነሳለች። ከወደቀች ሌላ ዕድል አይሰጧትም፤ ይዣት ወዴት እገባለሁ?»

ዘሊካ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። እኔም ልቆጣ የነበርኩት ሰው ቁጣዬ በረደ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም የሚፈራ ሰው የለመደውን መንገድ ገደል ቢሆንም አይለቅምና ዝም ብል ኃጢአት መሰለኝ።

«ሸህ፣ ቁርኣኑን ሐፍዘው ሲያበቁ ተፍሲር ፍለጋ አገር ለአገር አልዞሩም?»

«ዞርኩ እንጂ።»

«ቃሉን ይዘው ሳለ ምን ጎደለኝ ብለው?»

«ቃሉ ሌላ፣ ፍቺው ሌላ ነዋ። ሸኻችን አንዲት አያ፣ አንዲት አንቀጽ፣ ይዘው እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙሁር ይቀመጡባት ነበር። መቼ ወረደች፣ ስለ ማን ወረደች፣ ሊቃውንቱ፣ ዑለሞቹ ምን አሉባት...» ብለው ቆም አሉና አዩኝ። «አይ አቶ ያለው፣ ገባኝ ወዴት እንደሚጎትቱኝ። ያ የአላህ ቃል ነው፤ ይህ የሰው ወሬ።»

«አባዬ» አለች ዘሊካ፣ «የአላህን ቃል እንኳ ዑለሞቹ እንዲህ ከመረመሩት፣ የሰውን ወሬማ ሳይመረምሩ መዋጥ ይገባል?»

ሸሁ የተዘጋውን መጽሐፍ ከጎኗ አነሱ። «እንግዲያው እኔ ልፈትንሽ፤ መጽሐፉ ላይ በሌለ ጥያቄ። ባዕድ ጦር ያን ሁሉ አገር ሲያቋርጥ ሰዉ ለምን ዝም አለ?»

«መጽሐፉ እንግሊዞች በመሣሪያ በለጡ ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን አይበቃም» አለች። «ከባሕር እስከ መቅደላ ሲመጡ እህልና አጋሰስ የሚሸጥላቸው አላጡም። ለምን ቢሉ የንጉሡ ጦር ገበሬውን ሲበላ ከርሟል። የኛ የወሎዋ የወይዘሮ ወርቂት ልጅም መቅደላ ታስሮ ተገድሏል። ይህን መጀመሪያ የነገሩኝ አያቴ ናቸው፤ ወሎዬ ናቸውና ያደሉ እንደሆን ብዬ ከመጽሐፍ ጋር አስተያየሁት፤ በልጁ መገደል ሁለቱም ይስማማሉ። ንጉሡ አገር ሊያቀና የተነሳ ደፋር ነበር የሚሉትንም አልጥለውም፣ እጽፈዋለሁ። የገበሬው ልብ የራቀው መንግሥት ግን አምባው ቢረዝምም አያድነውም።»

ሸህ ይማም መንገድ ዳር ወደተቀመጠው ሕዝብ ዞረው ተመለከቱ። ከዚያ፣ «ከአክሱም ሳትነሺ ደረስሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«ደረስኩ፣ አባዬ።»

«አንድ ብቻ ግን አሁንም ያስፈራኛል።»

ፍርሃታቸው ባዶ እንዳልነበረ እመሰክራለሁ። አንድ ጉዳይ ለሁሉ አይበቃም፤ በጠባዩ የሚለይ ሌላ ያስፈልጋል። ዘሊካም ክፉ ቀንን፣ ከብት አልቆ ሰው የረገፈበትን ዘመን፣ ሁለተኛ አድርጋ ይዛ ኖሯል። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ሸሁ ይጠይቁ ጀመር። በሬ ባለቀበት ማን አረሰ? ማንስ ተረፈ? እሷም ስትመልስ፣ ያላወቀችውን አላውቅም ስትል አመሸን። ያቺን ቀን የመሰለ ጥናት በክፍል ውስጥ አይቼ አላውቅም። ወደ ማታ አንድ አሮጌ ጭነት መኪና መጣና ሦስታችንም ጆንያ ላይ ወጣን።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ፤ ዘሊካ አለፈች። በልታ የምታድርበት አገኘች፣ ቤት ያለው የእሷ ድርሻም ለታናናሾቿ ተረፈ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ሁሉን አስውጣችሁ ባዶ እጃቸውን አትስደዷቸው። ጥቂቱን ከሥሩ ያወቀ ልጅ ካልተነገረው ጥያቄ ፊት አይደነግጥም፤ የሰማውን ይመዝናል፤ መጽሐፉ ሲዘጋም ዕውቀቱ አብሮት ይኖራል።

መስከረም ጠብቶ ንጉሡ ወረዱ የተባለ ዕለት ሸህ ይማም ራዲዮ ሊሰሙ ቤቴ መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ማን ሊነግሥ ነው፣ ማን ታሰረ እያለ ይንጫጫል። እሳቸው ሰምተው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩ።

«ማን እንደወረደ ሰማሁ፣ አቶ ያለው። ደሴ ገበያ ላይ እህል እያለ የከላላ ሰው መንገድ ላይ በረሃብ ለምን አለቀ?»

«አላውቅም፣ ሸህ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከሥሩ ይጠና» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።