የሱሺላን ውሃ የጠጣሁ ቀን

በስደት በምኖርበት ሃውገሩድ በሚባል ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ ሱሺላ የምትባል ህንዳዊት ጎረቤት አለችኝ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ሃይማኖቷ ሂንዱ ነው። በቀደም ያንን የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ፣ የጋንጀስ ወንዝ ከበረዶው ተራራ ሥር እስከሚፈልቅበት ሄዳ ተሳልማ መጣች። የመጨረሻውን አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግሯ ነው የወጣችው።

በተመለሰች ማግስት ጠዋት በሬን አንኳኩታ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። «ከምንጩ የቀዳሁት ነው» አለችና ሻይ ጥጄ መጣሁ ብላ እያነከሰች ተመለሰች። እኔ ደግሞ ከተሳላሚ እጅ የተቀበልኩትን ጠበል አላሳድርም። እህልም አልቀመስኩም ነበርና አማተብኩ፣ በሦስት ጉንጭ ጨረስኩት።

ስትመለስ ባዶውን ጠርሙስ አየች።

«የት ደፋኸው?»

«ኧረ ጠጣሁት!»

«ጠጣኸው? እንደ ሃይማኖታችን ወግ ስሞት አፌ ላይ እንድታንጠባጥብልኝ እኮ ነው የሰጠሁህ! ካንተ ሌላ ቅርብ ሰው ማን አለኝ?»

የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እንግዲህ እንደገና ሳልሄድ አልሞትም» አለች። «አሁን ግን አንተም ትመጣለህ፤ ሁለት ጠርሙስ እንቀዳለን።»

«ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ይሁን» አልኳት። «መንገድ ላይ ከጠማኝስ?»