በልብስ ሰፊው ልጅ ዓይን ላይ የተደረገ ክርክር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምክር መስጠት ሥራዬ ሆኗል፤ የጠየቀኝም ያልጠየቀኝም ይሰማኛል። አንድ ቀን ኮቴን ልወስድ ልብስ ሰፊው ወዳጄ ሱቅ ጎራ ስል አባትና ልጅ ተኳርፈው አገኘኋቸው። ልጅቱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ ጎን ባለው መኪና ትሰፋለች። በእጇ የተተረተረ እጅጌ ይዛ ነበር።

«መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «አባዬ እኔ ቀድሜ ስወጣ የሰፋሁትን እየተረተረ እንደገና ይሰፋዋል። ዛሬ ገና ነው የደረስኩበት።»

«ስፌቱ ተጣሞ ለደንበኛ ይሰጥ እንዴ?» አሉ አባት፣ ዓይናቸውን ከመቀሱ ሳያነሱ። «ቅር እንዳይላት ብዬ ነው የደበቅኳት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቱ ብሌን ፊት ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን እየሳሳ ወደ ፊት ሾሏል፤ አንዱ ስፌት ሁለት ሆኖ ይታያታል፣ መነጽር ብትቀያይርም አልረዳትም። ሐኪሙ መላ አግኝቶላታል። አባት ግን አልፈቀዱም፤ እሷም ያለ ምርቃታቸው አልሄድም ብላ ቀጠሮው ሁለት ጊዜ አልፏል።

«የሞተ ሰው ዓይን ቆርጠው ልጄ ዓይን ውስጥ ሊከቱ!» አሉ ወዳጄ። «የሰው ገላ እንደ ጨርቅ ይጣፋል?»

«ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ፈቅዶ የሰጠው ነው፣ አባዬ። ንጹሕ መሆኑም ይመረመራል። የኔን ዓይን አያወጡትም። ሽፋኑ ውስጥ በሌዘር ጨረር ቀጭን መተላለፊያ ይከፍቱና ከሟቹ ተመሳሳይ ሽፋን የተቆረጠች፣ ግማሽ ቀለበት የምትመስል ስስ ቁራጭ ያስገባሉ። ያኔ የሾለው ዝቅ ይላል።»

«ባይስማማሽስ?»

«ቁራጯን ማውጣት ይቻላል። ሐኪሙም አልዋሸኝም፤ ከዚያ በኋላም መነጽር ያስፈልግሽ ይሆናል፣ ትንሽም ቢሆን አደጋ አለው ብሎኛል።»

እዚህ ላይ መግባት አማረኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኳቸው። «የሳሳ ኮሌታ ቅርጹን ሲያጣ ምን ያደርጋሉ?»

«ጠርዙን ከፍቼ ውስጡ ጠንከር ያለ ጨርቅ እከትበታለሁ።»

«ኮሌታውን ቆርጠው አይጥሉም?»

«ምን ነካዎት፣ ለምን ብዬ...» አሉና መሐል ላይ ተዉት።

ልጅቱ እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባዬ፣ ዛሬ የኔን ስፌት አንተ ታቃናለህ። አንተ የሌለህ ቀንስ? የማውቀው ሥራ ይኸው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ በኮሌታው ምሳሌ የረታሁ መስሎኝ ነበር፤ አንጀታቸውን የበላው ግን ይህ የልጃቸው ቃል ነው። «ቀጠሮው መቼ ነው?» አሏት።

ከአራት ወር በኋላ ስመለስ ልጅቱ ታክማ፣ መነጽሯን አድርጋ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ትሰፋ ነበር። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሰው አትጠራም፣ ሥራዋም አልቀረባት። በጊዜ የመታከም ጥቅሙ ይህ ነው፤ ነገሩ ቢከፋ ኖሮ ሽፋኑን በሙሉ መቀየር ሊመጣ ይችል ነበር።

ይህንኑ ለአባት ሳብራራላቸው አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። ሲሞቱ ዓይናቸውን ለመለገስ የሞሉት ቅጽ ነው። «ምስክር ሆነው ይፈርሙልኝ» አሉኝ። በደስታ ፈረምኩ፤ ስለ ልግስና ክብርም ረዘም ያለ ንግግር ጀመርኩ።

እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ «የእርስዎስ ቅጽ የታለ?» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው የፈረምኩበትን እስክሪብቶ ቶሎ ወደ ኪሴ ከተትኩ። ልጅቱ ከመኪናዋ ሳትነሳ መሳቢያውን ከፈተችና ያልተሞላ ቅጽ አወጣችልኝ።